የሙቀጫ ድምፅና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ

ስለ ምግብና ስለ ሙዚቃ ባንድ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ሥራ የፈታ ነው የሚሉ እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ፤ ይበሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ስለምወድ ብቻ ሳይሆን፥ ሁለቱ ባንድ ማዕድ የቀረቡበት ታሪክ የራሳችን ጉዳይ ስለሆነ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

በየመኝታ ክፍላችን ክርክር አለ። አንዱ ወገን በመኪና የሚቀነባበረውን አዲስ ሙዚቃ ሲሰማ «ይህ የፈረንጅ ጩኸት ለኛ ምናችን ነው?» ይላል። ሌላው ወገን ይህንኑ ሙዚቃ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያዳምጥ ያድራል፤ ዳሩ ግን እናቱ ቡና ስትወቅጥ የሚሰማውን ድምፅ ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በካይሮ ከተማ ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል አንድ ወጣት የእርሻ ተማሪ ነበር። ከሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ተዋሰና ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያደርጉበት ስፍራ ሄደ። የቀረጸውን ዜማ ወደ ጣቢያው ወሰደው፤ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ ቅሪቱን አጐላ፥ በገደል ማሚቶ አስተጋባው፥ ደግሞ መልሶ ቀረጸው። «የዛር መግለጫ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ የተረፈው ሁለት ደቂቃ ያህል ዛሬም ይሰማል፤ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ እንደሆነም ይታወቃል። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርን ድምፅ ቀርጾ ሙዚቃ ያደረገው ከዚህ አራት ዓመት በኋላ፥ በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ሼፈር በዚያው ዓመት ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱን በድስት መሰየሙን ለማድ ቤት ናቂዎች አስታውሳለሁ፤ የድስት ድምፅ ገብቶበታልና።

ዛር ደግሞ የማን ነው? ወደ ግብፅ የተሻገረው ከኛ አገር ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጐንደር ተቀምጦ የዛርን ነገር በሰፊው ጽፏል። በዛር ቤት ዜማው ብቻውን አይቆምም፤ ቡና አለ፥ ዕጣን አለ፥ የሚታረድ አለ፥ ጭብጨባና ከበሮ አለ። የሚበላውና የሚሰማው አንድ ሥርዓት ነው። እንግዲህ «የፈረንጅ ጩኸት» የተባለው ነገር ከመነሻዎቹ አንዱ ጀበና ከሚጣድበት ቤት የወጣ መሆኑን ልብ በሉ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ኤል-ዳብ በ1959 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሲሠራ ቆየ፤ ቀጥሎም ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እዚሁ፥ በኛው ግቢ! በ1963 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው። መሲንቆውን፥ ክራሩን፥ በገናውን፥ ዋሽንቱን፥ ከበሮውን ከየቦታው ሰብስቦ ባንድ መድረክ አስቀመጣቸው። የዓለምን አዲስ መሣሪያ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ያደረገው ነገር የባለ መሲንቆውን ድምፅ ማዳመጥ ነበር።

አሁን ወደ ቂርቆስ እንውረድ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው፤ ጆሮውን ግን ያገኘው ከአዝማሪ ቤቶቹና ከምግብ ቤቶቹ ነው። በዚያ ሠፈር ሲመሽ የሄደ ሰው የሚሰማውን ያስታውሳል፤ የክትፎ ቢላዋ መክተፊያውን ሲመታ፥ ጥብሱ ሸክላው ላይ ሲንጫጫ፥ ብርሌ ከብርሌ ሲጋጭ፥ ከማዶ አዝማሪው እንግዳውን በስሙ እየጠራ ሲያሞግስ፥ አንዳንዴም ሲወጋ። ቢላዋው የራሱ ምት አለው፤ ሥጋው እየላመ ሲሄድ ድምፁም ይለዝባል። ይህን ያስተዋለ የሙዚቃ ተማሪ ስንት አለ? ጭፈራ ዐዋቂው መላኩ በላይ በፈንድቃ ለብዙ ዓመታት የያዘው ቤት የአዝማሪውን ዜማ ከውጭ አገር ሙዚቀኞች አዲስ ሙከራ ጋር ሲያገናኝ ኖሯል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌው ካዛንቺስ ፈረሰ፤ ፈንድቃም ከዚያ ግቢ ተነሣ። ከተማ አይታደስ የሚል ክርክር የለኝም፤ ጭቃ ውስጥ መኖር ጌጥ አይደለምና። ነገር ግን መንገዱና ሕንፃው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሳለ ድምፁን ማን ቀረጸው? ባለቡናዋ ወደ ሩቅ ሠፈር ስትዛወር ሙቀጫዋን ይዛ ትሄዳለች፤ የጎረቤቶቿን ሙቀጫ ግን አትወስድም፤ አብረው ሲወቀጡ የነበረው ኅብረ ድምፅ እዚያው ቀረ።

የሚሠራ የለም አልልም። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 እ.ኤ.አ. «ያራዳ ልጅ»፥ በ2016 እ.ኤ.አ. «ዘላለም» የተባሉ ሥራዎች አውጥቷል፤ እንደገና ሙሉም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ይሠራል፥ ሙያውንም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎታል። ያገር ዜማና ያገር መሣሪያ በኮምፒዩተር ውስጥ ሲያልፍ ባዕድ እንደማይሆን ሥራዎቻቸውን የሰማ ይፈርዳል። ሥራዎቻቸው በመጀመሪያ የታተሙት ግን አሜሪካን አገር ነው፤ ይህ የኛን ጆሮ መዘግየት ያሳያል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲው ክፍል ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ ክፍል ለድምፅ ቀረጻና ለኤሌክትሮኒክ ቅንብር ብትሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪውም ሰበብ የለውም፤ ኤል-ዳብ ከባድ መሣሪያ ተውሶ ተሸከመ፥ የኛ መቅረጫ ኪሳችን ውስጥ ነው። ማኅበራችን ደግሞ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ በየሠፈሩ የተቀረጸ የቡና መውቀጫ፥ የምጣድ፥ የክትፎ ቤት፥ የአዝማሪ ቤት ድምፅ ይሰብሰብ፤ ሠፈሩ፥ ቀኑና ባለቤቲቱ ከፈቀደች ስሟ ይጻፍበት። በቂርቆስ ገና ያልተነሡ ጓሮዎች አሉ፤ ቅዳሜ ጧት ሄዶ መጀመር ይቻላል፥ ቡናውም አይቀርም።