ትንሹን ብልሽት በጊዜው ስለ ማቃናት

የሰው እጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ማለቅም ይጀምራል። ይህ የማይቀር ስለ ሆነ፥ የዕቃ ባለቤት ብልህነቱ የሚታወቀው ዕቃውን ከማለቅ በማዳን አይደለም፤ የሚያልቀው ክፍል ጤናማውን ይዞ ሳይጠፋ በጊዜው በመለወጡ ነው እንጂ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተናገሩት ስለ እሳት ብቻ አልነበረም። በቤትም በአደባባይም፥ በእርሻም በንግድም የሚሠራ ምክር ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ነገር ለጋራዥ ሰው እንጂ ለሹማምንትና ለካህናት የሚገባ አይመስል ይሆናል። ነገሩ በፒካፕ መኪና ወለል ሥር ተሰውሮ የሚሠራው የመኻል ኩሽኔታ ነው። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ጋራ ሲተያይ እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙዎችም ስሙን እንኳ ሳይሰሙ በመኪና ይሄዳሉ። ነገር ግን ይህ ትንሽ ዕቃ ባለቀ ጊዜ የሚለወጥበትን ፈቃድ የሚሰጠው መካኒኩ አይደለም፥ ሾፌሩም አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈት ቤትም ነውና አንባቢዎቻችን ጥቂት ይታገሡን።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የተሰበሰበው ለመደነቅ ነበር። ዛሬ ግን መኪና መደነቂያነቱ ቀርቶ የሥራ በሬ ሆኗል። ይልቁንም ከፊቱ ሰው ከኋላው ጭነት የሚይዘው ፒካፕ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፥ ለገበሬ ምርጥ ዘር፥ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያደርስ፥ የሀገረ ስብከትንም ሰው ከደብር ወደ ደብር የሚያመላልስ እርሱ ነው። ፒካፑ ሲቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም።

ኩሽኔታው የሚሠራውን ሥራ በአጭሩ እንግለጽ። ሞተሩ ከፊት ነው፤ መኪናውን የሚገፉት ጎማዎች ግን ከኋላ ናቸው። ስለዚህ ኃይሉን ከካምቢዮ ተቀብሎ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚያደርስ፥ እንደ ቧንቧ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ አለ። መኪናው አጭር ሲሆን አንድ ዘንግ ይበቃዋል። ሂሉክስን በመሳሰሉት ረጃጅም ፒካፖች ግን አንድ ረጅም ዘንግ በፍጥነት ሲሽከረከር መኻሉ እየጎበጠ ይርገበገባል፤ የዘንግ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሳይርገበገብ ሊሽከረከርበት የሚችለው ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳልና። ስለዚህ መሐንዲሶች ዘንጉን ለሁለት ከፍለው መኻሉን ከሻንሲው ጋራ በታሰረ ድጋፍ ያንጠለጥሉታል። በዚህ ድጋፍ ውስጥ ላስቲክ አቅፎት የተቀመጠው ነው የመኻል ኩሽኔታ የሚባለው።

መኪናው በቀጥታው ማርሽ ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር ዘንጉም 3000 ጊዜ ይዞራል፤ ይኸውም በሰኮንድ 50 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዙር የሚሸከሙት በሁለት የብረት ቀለበቶች መኻል የተደረደሩ ትናንሽ የብረት እንክብሎች ናቸው። በእንክብል ላይ የሚዞር የሠረገላ ዘንግ በ1794 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ጠነከረ፥ ልኩም ረቀቀ፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። ትልቁ ነገር በትንሹ ላይ ይዞራል።

ይህ ኩሽኔታ በሦስት ነገር ያልቃል። የመጀመሪያው አቧራና ውኃ ነው፤ መኪናው በጠጠር መንገድ ሲውልና በክረምት ወንዝ ሲያቋርጥ ጭቃው መከለያውን አልፎ ይገባል፥ ግሪሱም ታጥቦ ብረት ከብረት ጋራ ይፋጫል። ሁለተኛው የላስቲኩ ማርጀት ነው፤ ሙቀትና ዘመን ላስቲክን ያደርቁታል፥ ከዚያም ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ጭነት ነው፤ የመኪናው ጀርባ ሲጎብጥ የዘንጉ አቀማመጥ ይዛነፋል፥ ዘንጉም ድጋፉን እየገፋ ይዞራል።

ማለቁም በድንገት አይደለም፤ አስቀድሞ ይናገራል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ፥ በተለይም ጭኖ ዳገት ሲጀምር፥ ከመቀመጫ በታች ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፥ ሲቀንስ የሚቀንስ ማጉረምረም ይሰማል። በመጨረሻ ዘንጉ ከቦታው ዝቅ ብሎ ወለሉን ይመታል። ከመጀመሪያው መንቀጥቀጥ እስከ መጨረሻው ምት ድረስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ያልፋሉ። ይህ ጊዜ ለሚሰማ ሰው የተሰጠ ዕድል ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ራሱ ጥፋት ይናገር ዘንድ ይፈቀድለት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ጥገና ፈቃድ የምፈርመው እኔ ነበርሁ። በሚያዝያ ወር አንድ ማለዳ ሾፌሩ ወደ ክፍሌ ገብቶ «ጌታዬ፥ ከወለሉ ሥር የሚያጉረመርም ነገር አለ፤ ሲነሣም ያንቀጠቅጠዋል፤ የመኻል ኩሽኔታው ይመስለኛል» አለኝ። እኔም «መኪናው ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» ብዬ ጠየቅሁት። «መሄዱንስ ይሄዳል» አለ። «እንግዲያስ አዲሱ በጀት እስኪከፈት ይቆይ» አልሁት። በግንቦት ደግሞ የጻፈበትን ደብተር ይዞ መጣ፤ እንደ ፊተኛው መለስሁለት። በሰኔ ለሦስተኛ ጊዜ በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ያን ጊዜ ግን ሊነግረኝ አልመጣም።

በዚያው ሰኔ አንዲት ነርስና የክትባት ሣጥን ይዘን ወደ ጎጃም ተነሣን። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን ቁልቁለት በደኅና ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንጀምር ግን ከእግራችን በታች እንደ ነጋሪት የሚመታ ድምፅ ተነሣ። ሾፌሩ ወዲያው ወደ ዳር አውጥቶ አቆመው፤ ጎማውን በድንጋይ አስያዘና ተንበርክኮ አየ። ላስቲኩ ፈጽሞ ተቀድዶ ዘንጉ ከድጋፉ ወጥቶ ነበር። ዳገት ላይ በዝግታ ስንሄድ ስለ ሆነ እግዚአብሔር አተረፈን፤ በሜዳ በፍጥነት ስንሄድ ተገንጥሎ ቢወድቅ መሬቱን ወግቶ መኪናውን ሊያናጋ፥ የፍሬኑንም ቧንቧ ሊበጥስ ይችል ነበር። በቆላው ሙቀት ውለን አደርን፤ ጎታች መኪና የደረሰልን በማግሥቱ ነው። ከቀጠሮው አንድ ቀን አሳልፈን ከጤና ጣቢያው ስንደርስ፥ ከሩቅ ቀበሌ ሕፃን አዝለው የመጡት እናቶች ጠብቀው ጠብቀው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ክትባቱ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ደኅና ነበር፤ የሚከተቡት ግን አልነበሩም።

ኋላ ሒሳቡ ሲታይ በኩሽኔታ ዋጋ የሚያልቀው ነገር ዘንጉን አጉብጦ፥ ክሮቸራ የሚባሉትን መስቀል መሳይ መጋጠሚያዎች ሰብሮ፥ ከካምቢዮው ጀርባ ዘይት የሚያግደውንም ላስቲክ ቀድዶ ተገኘ። መኪናው ሦስት ሳምንት በግቢ ቆመ። ሾፌሩ አንድ ቃል አልወቀሰኝም፤ ደብተሩ ግን ሦስት ጊዜ ወቀሰኝ።

እንግዲህ ኩሽኔታው ይለወጥ ከተባለ በኋላም አለዋወጡ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ጎማው ይያዝ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ነፍስን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ስለ ሆነ ጽኑ ድጋፍ ይደረግበት። ከዚያም አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ፥ ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋራ፥ ሁለቱም ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገጥሙበት ስፍራ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ዘንጉ በፋብሪካ ተመዛዝኖ የተሠራ ነውና፥ ያለ ምልክት ተፈትቶ ተዛንፎ ቢገጠም አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለትም ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ሰው «ከንቱ ገንዘብ አወጣሁ» እያለ ኩሽኔታውን ያማርራል፤ ጥፋቱ ግን የአገጣጠሙ ነው።

አሮጌው ኩሽኔታ በመንቀያ መሣሪያ ይወጣል እንጂ በመዶሻ አይደበደብም። አዲሱም ሲገባ የሚገፋው ከዘንጉ ጋራ በሚጠብቀው በውስጠኛው ቀለበት ነው፤ በላስቲኩ ወይም በውጭኛው ቀለበት ቢገፋ ገና ሥራ ሳይጀምር ይጎዳል። ዘንጉ ወርዶ ሳለ ክሮቸራዎቹ በእጅ እየተወዘወዙ ይመርመሩ፤ የላላ ወይም አልታጠፍ የሚል ቢገኝ አብሮ ይለወጥ፤ ሁለት ጊዜ ማውረድ ሁለት ጊዜ መክፈል ነውና። ከድጋፉ ጋራ ስስ የማስተካከያ ብረቶች ቢኖሩ እንደ ነበሩ ይመለሱ። የድጋፉ ቡሎኖች ፈጽመው የሚጠብቁት በመጨረሻ ነው፤ መኪናው ያለ ጭነት በጎማው ላይ ቆሞ፥ ድጋፉም ሳይጣመም በዘንጉ አንጻር ቀጥ ብሎ መቆሙ ከታየ በኋላ። ከዚህም ሁሉ በኋላ ሾፌሩና መካኒኩ አብረው በመንገድ ይፈትኑት።

ሹም ይህን በእጁ ይሥራ አንልም። ነገር ግን የጥገናውን ሒሳብ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። አሮጌው ዕቃ የታለ? ዘንጉ ሳይፈታ ምልክት ተደርጎበት ነበርን? ክሮቸራው ታይቷልን? እነዚህን ሦስቱን የሚጠይቅ አለቃ እንዳለ ያወቀ ጋራዥ ሥራውን ያጠነክራል፤ አሮጌውን ቀብቶ አዲስ ነው ሊል የሚያስብም ቢኖር እጁን ይሰበስባል።

አንዳንድ ሰው ግን «የመንግሥት ገንዘብ በሕግ እንጂ በሾፌር ወሬ አይወጣም» ይል ይሆናል። እውነት ነው። የግዥ ሥርዓት የተሠራው የሕዝብ ገንዘብ በማንም ፈቃድ እንዳይባክን ነው፤ ሥርዓቱ ይፍረስ የሚልም ከእኛ ዘንድ የለም። ሐሰተኛ ብልሽት እያወሩ ገንዘብ የሚያስወጡ መኖራቸውንም አንክድም። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ መመርመር ነው እንጂ ዝም ማለት አይደለም። የሾፌሩ ቃል እውነት መሆኑን ለማወቅ አንድ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ ዘንጉን በእጁ ቢወዘውዘው ይበቃል፤ ይህም የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሌባ ገንዘብን በስውር ይወስዳል፤ መዘግየት ግን በግልጥ፥ በማኅተምና በፊርማ ይወስዳል። እኔም በዚያ ሰኔ ሕግ አልጣስሁም፤ ያጠፋሁት ግን ሕግ ከሚጥስ ሰው ያነሰ አልነበረም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱም በየሀገረ ስብከቱም መኪና ያላቸው ሁሉ ይህን ቢያስቡበት ማለፊያ ይመስለናል። ሾፌር የሰማውንና ያየውን በየቀኑ የሚጽፍበት ደብተር ይኑር፤ አለቃውም በማግሥቱ «አየሁ፥ ይህን አዘዝሁ» ብሎ ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት። ለትንንሽ ጥገና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከበጀቱ አስቀድሞ ተለይቶ፥ ኃላፊና መርማሪ ተሰይሞለት ይቀመጥ፤ እንዲህ ሲሆን ሕጉም ይጠበቃል፥ መኪናውም ይሄዳል። ዘንጉና መጋጠሚያዎቹ መኪናው ለዘይት ቅየራ በገባ ቁጥር ይታዩ፤ ግሪስ የሚቀበሉትም ግሪስ ይሰጣቸው። ይልቁንም ብልሽት የተናገረ ሾፌር እንደ ወቃሽ ወይም እንደ ሰነፍ አይታይ። ሦስት ጊዜ ተናግሮ ያልተሰማ ሰው በአራተኛው ዝም ይላል፤ የእርሱ ዝምታ ደግሞ ከመኪናው ድምፅ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

በሹመት ላይ ያለ ሰው ስለ ትልቁ ነገር ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚደርሰው፥ ዘሩም ከዝናቡ በፊት ከገበሬው እጅ የሚገባው፥ ከወለል በታች ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ እስከ ዞረች ድረስ ነው። ዛሬ ከጠረጴዛችሁ ላይ ያልተፈረመበት የሾፌር ደብተር ቢኖር፥ ነገ ሳትሉ ግለጡት። ምናልባት በውስጡ የሚጠብቃችሁ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ማዶ ግን ሕፃን አዝላ በጤና ጣቢያ ደጅ የተቀመጠች እናት ትኖራለች።