በጉባኤ የሚደረስ መዝሙር

በዚህ ወር ገጻችን ልናነሣ የወደድነው ነገር፣ ልጆቻችን መዝሙርን መስማት ብቻ ሳይሆን መድረስንና በሰው ፊት ቆሞ ማሰማትን እንደ ምን እንደሚማሩ ነው። መስማቱስ አልጠፋም፤ ዛሬ መዝሙር ከየስልኩ ሲፈስ ይውላል። ነገር ግን ሰሚው ብዙ፣ ደራሲው ጥቂት ሆኖ መገኘቱ ያሳስበን ነበርና፣ በሆሳዕና ከተማ ያየነው ነገር ልባችንን አሳረፈልን።

ሆሳዕና፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው፣ የዛሬ ስሟን ከበዓለ ሆሳዕና ያገኘች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መናኸሪያዋ የሀዲያንና የከምባታን ከተሞች የሚያገናኝ ስለ ሆነ፣ የዱራሜው፣ የአንጋጫውና የሾኔው መንገደኛ በዚያ ይተላለፋል። እኛም አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከዚያው ወርደን፣ በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ወዳለው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ገባን። ሃያ የሚያህሉ ወጣቶች በአግዳሚ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ በመናኸሪያው ሙዝ የምትሸጥ ልጅ አለች፤ ስምንተኛ ክፍል ያልደረሰም አለ።

ሥርዓታቸው እንዲህ ነው። በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱ አንድ አዝማችና አንድ ቤት ደርሶ ይመጣል። ተራው የደረሰው ተነሥቶ ያለ ከበሮ፣ በድምፁ ብቻ ያሰማል፤ ማንም አያቋርጠውም። ከጨረሰ በኋላ ከአድማጮቹ አንዱ መዝሙሩ ምን እንዳለ በራሱ ቃል ይናገራል። የተናገረው ደራሲው ካሰበው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱ ከቃሉ ይሁን ከዜማው አብረው ይፈልጋሉ። መሳቅ ክልክል ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው መሆናቸውን ስንሰማ ተደነቅን፤ በእኛ ልጅነት ሳቁ ከአለንጋው ይብስ ነበርና።

ይህ አሠራር አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት ይመልከት። በዋድላም በጎንጅም በዋሸራም ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ፣ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ጀማሪውን ደግሞ ከእርሱ ቀድሞ የገባው ተማሪ ይረዳዋል። ስለ ቅዱስ ያሬድም ሁላችን የምናውቀው፣ ትሉ ዛፍ ሊወጣ ሲሞክር ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ መድረሱን አይቶ መጽናናቱን ነው። ታሪኩን ስንተርክ ግን አንድ ነገር አቃልለን እናልፋለን። ያሬድ ከዛፉ ሥር የተነሣው ብቻውን ሊማር አልነበረም፤ ሸሽቶት ወደ ነበረው ወደ መምህሩና አጎቱ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ እንጂ። አባ ጌዴዎንም ተቀበሉት።

ያን ቀን ከሰማናቸው ውስጥ ሁለቱን እንጥቀስ። አንድ ወጣት ያቀረበው መዝሙር ቃሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ዜማው በሬዲዮ ከሚሰማ የፍቅር ዘፈን የተወሰደ ነበር። መምህሩ በጓደኞቹ ፊት አልገሠጹትም፤ «ልጄ፣ ይህንኑ ቃልህን በግዕዝ፣ ከዚያም በዕዝል፣ ከዚያም በአራራይ ሞክረው» አሉት። በግዕዝ ሲሞክረው ደረቀበት፤ በዕዝል ከበደው፤ በአራራይ ሲያሰማው ግን ራሱም ደነገጠ። ከዚያ በኋላ የዘፈኑን ዜማ ስም የጠራ አልነበረም።

ሁለተኛዋ ያች ሙዝ ሻጭ ናት። መዝሙሯን የደረሰችው በሀዲያ ቋንቋ ነው። ምክንያቷን ስትጠየቅ፣ አያቷ አማርኛ እምብዛም እንደማይሰሙ፣ ልጆቹ በቤት ሲዘምሩ ግን በጭብጨባ እንደሚከተሉ ነገረችን። በዚያ አገር የወንጌላውያን ማኅበራት በሀዲያና በከምባታ ቋንቋ መዘመር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በእኛ በኩል ግን ገና ብዙ የሚቀር ሥራ አለ፤ ይህን ደብቀን ብንጽፍ ለማንም አይጠቅምም።

ሥራው ቀላል አለመሆኑንም አየን። በሀዲያ ቋንቋ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር የቃሉ ትርጉም ይለወጣል፤ ዜማችን ደግሞ በአንዱ ፊደል ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትን ይወዳል። ልጅቱ ዜማውን የሳበችው አጭር መሆን በሚገባው ድምፅ ላይ ነበርና፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ «እኅቴ፣ እንደዚህ ሲሳብ ሌላ ቃል ይሆናል» አላት። ፊቷ ቀላ። የሳቀ ግን አልነበረም። ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ደክመው፣ የዜማውን መሳቢያ ተፈጥሮው ረጅም ወደ ሆነው ወደ ሚከተለው ቃል አሻገሩት፤ ቃሉም ሳይነካ ቀረ። ትርጉሙ ከሃይማኖት እንዳይወጣ ደግሞ ቋንቋውን ለሚያውቁ ለአንድ ካህን እንዲታይ መምህሩ አዘዙ።

የቀረው ጊዜ አቋምንና ድምፅን ለመለማመድ ዋለ። እስትንፋስ በቃል መካከል እንዳይቆረጥ በቤቱ መጨረሻ መሳብ፣ ዓይንን ከወረቀት ማንሣት፣ እጅን ማሳረፍ፤ ከበሮውም ቃሉን እንዳይውጠው ዘግይቶ ይገባል። በዚህ ላይ ብዙ ባንል ይሻላል፤ በመጻፍ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ስለ ወላጆች ግን ሳንናገር አናልፍም። የልጅቱ እናት ቅዳሜ ከሰዓት ከሙዙ እንድትለይ አልወደዱም ነበር። አልፈረድንባቸውም፤ በዚያን ሰዓት መንገደኛ ይበዛል፣ ሽያጩም የቤት ቀለብ ነው። ችግሩን የፈቱት ጓደኞቿ ናቸው፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ በመናኸሪያው ተቀምጠው ይሸጡላታል። ሒሳቡንም ማታ ለእናትየው ቆጥረው ያስረክባሉ። እኛ በሄድንበት ቀን ተረኛ የነበረው የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲሆን፣ በዋጋ ክርክር እንደማይሆንለት ጓደኞቹ አጫወቱን።

ጉባኤው ሊበተን ሲል አያትየው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በደጁ አግዳሚ ላይ ዐረፍ ብለው ነበር። መምህሩ ልጅቱን «ለእማማ አሰሚያቸው» አሏት። ቆማ አሰማች፤ በታረመው ዜማ ነው። እማማ ፊታቸው አልተለወጠም፤ አላጨበጨቡምም። ሲጨርስ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቱ ግን ዝም ብላ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ምን አሉ ብለን ብንጠይቅ፣ «ሁለተኛው ቤትስ የታለ? ይላሉ» ብላ መለሰችልን።

መምህሩም ስሟን ለሚመጣው ቅዳሜ በመጀመሪያው ተራ ጻፉት።