በአንጀት ምርመራ የሚታይ ጥቁር ቀለም፦ ምንጩና ትርጉሙ

ሾላ ገበያ የቅመማ ቅመም ተራ የገባ ሰው መቅመቆን አያጣውም። ሥሩ ለቅቤ ማንጠሪያና ለሻይ፣ ከዚያም አልፎ ለደም ግፊትና ለሆድ ሕመም ይገዛል። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ በሚገኙ በርካታ ቤቶች መቅመቆ የጓዳ ዕቃ እንጂ መድኃኒት ተብሎ አይቆጠርም። በምርመራ ክፍል ውስጥ ክፍተት የሚፈጥረውም ይኸው ነው።

በኮሎኖስኮፒ ምርመራ ወቅት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በውጤቱ ላይ «ሜላኖሲስ ኮላይ» ተብሎ ይጻፋል። ስያሜው አሳሳች ነው፤ ቀለሙ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ሳይሆን ሊፖፈስሲን የተባለ የሞቱ ሴሎች ቅሪት ነውና። ዋነኛ ምክንያቱ አንትራኩዊኖን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸውን የሆድ ማለስለሻዎች ለወራት ማዘውተር ነው። ሰናመኪና የእሬት ዝልግልግ ቢጫ ፈሳሽ በዚህ ይታወቃሉ፤ በመቅመቆ ሥርም የዚሁ ወገን ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ።

ቀለሙ ራሱ ካንሰር አይደለም። ማዘውተሩ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። በጨጓራ በኩል በሚደረግ ኢንዶስኮፒ ደግሞ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል፤ ይህም የአይረን እንክብል በሚወስዱ፣ እንዲሁም የደም ግፊት ወይም የቆየ የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚስተዋል ሲሆን በራሱ ጉዳት አያስከትልም።

ታዲያ ቀለሙ ጉዳት ከሌለው ለምን ይወራል? ቀለሙ ታካሚው ያልተናገረውን ስለሚናገር ነው። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል፣ በየማለዳው ሥር አፍልቶ የሚጠጣ ሰው «የለም» ብሎ ይመልሳል፤ አልዋሸም፣ ጥያቄው አልደረሰውም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተደጋጋሚ የሚያስቀምጥ ነገር ሲጨምርበት በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊወርድና የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። የታዘዘለትን ኪኒን በመቅመቆ የተካ ሰው ደግሞ ግፊቱ ሳይታወቀው ሊንር ይችላል። ስለሆነም «ቤት ውስጥ ለሆድዎ ወይም ለግፊትዎ የሚጠጡት ምንድን ነው?» የሚለው አጠያየቅ ይሻላል፤ ተገልጋዮችም ሳይጠየቁ ቢናገሩ፣ ቢቻል ሥሩን ወይም ዱቄቱን ይዘው ቢቀርቡ፣ ምርመራው ይቀላል።

የሰገራ መጥቆር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአይረን እንክብል ሰገራን ያጠቁራል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ማዞርና ድካም ከተከተለ፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት መድማት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።