ደምን ከመርዝ የሚያጣሩ መሣሪያዎች ሕይወት የሚታደጉት በወቅቱ ሲደርሱ ነው

የጤነኛ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህም አብዛኛውን ወደ ሰውነት መልሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን ከቆሻሻው ጋር በሽንት መልክ ያስወግዳሉ። ይህ የተፈጥሮ ማጣሪያ ሥራውን ሲያቋርጥ ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ መርዝ ወደ ደም ሲገባ ተተክቶ የሚሠራው በአገራችን «የኩላሊት እጥበት» በመባል የሚታወቀው ሕክምና ነው።

ስለ ኩላሊት እጥበት ሲነሳ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆመና በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ4 ሰዓት ያህል ከመሣሪያው ጋር የሚቆዩ ሕሙማን ጉዳይ ነው። መሣሪያው በድንገተኛ መመረዝ ጊዜ የሚሰጠው አገልግሎት ግን እምብዛም ትኩረት አላገኘም። ሁለቱ በእጅጉ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሕሙማን ንቅለ ተከላ እስኪያገኙ ወይም ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ሲሆን፣ ሁለተኛው ለጥቂት ቀናት ብቻ ተሰጥቶ ሕሙሙን ወደ ሙሉ ጤንነቱ ሊመልስ የሚችል ነው።

መርዝን የማጣራቱ ሐሳብ ከመሣሪያው ውልደት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጆን ጃኮብ አቤልና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት በእንስሳት ላይ ሲሞክሩ ከደም ውስጥ ለይተው ካወጧቸው ነገሮች መካከል አስፕሪን የሚገኝበት የመድኃኒት ዘር ይገኝበታል። ከ30 ዓመታት በኋላ ሆላንዳዊው ሐኪም ቪሌም ኮልፍ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው አገራቸው ለቋሊማ መሸፈኛ የሚያገለግል ሴሎፎን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥመው ለሰው የሚያገለግል መሣሪያ ሠሩ። በዚህ መሣሪያ ታክመው ከሞት የተረፉት የመጀመሪያዋ ሕሙም የ67 ዓመት ሴት ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1945 ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ደምን በከሰል ቅንጣቶች ውስጥ በማሳለፍ መርዙ ከከሰሉ ጋር ተጣብቆ እንዲቀር የሚያደርገው ዘዴ ተጨመረ።

ይሁንና መሣሪያው ማንኛውንም መርዝ ያስወግዳል ማለት አይደለም። በእጥበት በቀላሉ የሚወጡት ቅንጣታቸው አነስተኛ የሆነ፣ ከደም ፕሮቲን ጋር አጥብቀው የማይያያዙና ከደም አልፈው በሰውነት ሕብረ ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የማይሰራጩ ናቸው። በሕገወጥ መንገድ በሚጠመቅ መጠጥ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል፣ ለአእምሮ ሕሙማን የሚታዘዘው ሊቲየም እንዲሁም ከመጠን በላይ የተወሰደ አስፕሪን በዚህ ምድብ ይጠቃለላሉ። በአንጻሩ በአገራችን ሆስፒታሎች ከሚታዩት ዋነኛ የመመረዝ አደጋዎች አንዱ የሆነው ኦርጋኖፎስፌት የተባለው የፀረ ተባይ ኬሚካል በአመዛኙ የሚታከመው በአትሮፒንና በመተንፈሻ ድጋፍ እንጂ በእጥበት አይደለም።

የወቅታዊነት ጉዳይ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጋምቢያ የደረሰው አደጋ በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያች አገር ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት በድንገተኛ የኩላሊት መድከም ሕይወታቸው አልፏል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ በሕንድ የተመረቱ አራት የሕፃናት ሽሮፖች ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል በተባሉ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች መበከላቸውን አስታውቋል። ኬሚካሎቹ በተሽከርካሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። በአገሪቱ ለሕፃናት የሚሆን የእጥበት አገልግሎት ባለመሟላቱ ልጆቻቸውን ወደ ሴኔጋል መዲና ዳካር ይዘው የተጓዙ ወላጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያም በተመሳሳይ ብክለት ከ200 በላይ ሕፃናት ሞተዋል።

ሁለቱም ኬሚካሎች በእጥበት የሚወገዱ ናቸው። ነገር ግን የሕፃኑ ሽንት መቋረጡ ታይቶ፣ መንስኤው ተለይቶና መሣሪያ ያለበት ሆስፒታል ተደርሶ ሕክምናው እስኪጀመር ድረስ መርዙ ጉዳቱን አድርሶ ያበቃል።

መሣሪያውን መግዛት ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም። አንድ ሕሙም ለአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ያህል በከፍተኛ ደረጃ የተጣራ ውሃ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚሏ ካሩዋሩ ከተማ በአንድ የእጥበት ማዕከል በአግባቡ ያልተጣራ ውሃ ጥቅም ላይ በመዋሉ ከ50 ያላነሱ ሕሙማን በውሃው ውስጥ በነበረ የአልጌ መርዝ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ደምን ከመርዝ እንዲያጠራ የተሠራው መሣሪያ ራሱ የመርዝ መግቢያ ሆኗል ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ማጣሪያዎችና ቱቦዎች፣ የሠለጠኑ ነርሶችና የጥገና ባለሙያዎች የግድ ያስፈልጋሉ።

እነዚህ ባልተሟሉበት ሁኔታ ውስጥ የሆድ ዕቃ ስስ ሽፋንን እንደ ማጣሪያ የሚጠቀመው እጥበት አማራጭ ሆኖ ይቀርባል። ዘዴው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳያስፈልገው ንጹሕ ፈሳሽና ቱቦ በመጠቀም የሚከናወን ሲሆን በተለይ ለሕፃናት ተስማሚ ነው። መርዝን በማስወጣት ፍጥነቱ ከመሣሪያው ቢያንስም ኩላሊት እስኪያገግም ሕይወትን ያቆያል።

አገራችን በዘርፉ ጉልህ እርምጃ ተራምዳለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ የዚህ ማሳያ ነው። የእጥበት ወጪ ግን ዛሬም የበርካታ ቤተሰቦችን ጥሪት የሚያሟጥጥ ነው። በመሆኑም ያለውን ውስን አቅም ሲያደላድሉ በጥቂት ቀናት ሕክምና ሊድን ለሚችለው ድንገተኛ ሕሙም የተጠበቀ ቦታ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከዋና ከተማዋ ውጪ ባሉ ሆስፒታሎችም የሆድ ዕቃ እጥበት የሚያከናውኑ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ተገቢ ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን መርዙ ወደ ደም እንዳይገባ መከላከል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 ከ100 በላይ ሰዎች በዚሁ በዳይኢትሊን ግላይኮል በተዘጋጀ መድኃኒት ከሞቱ በኋላ፣ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ በ1938 ወጥቷል። ከ84 ዓመታት በኋላ በጋምቢያ ያው ኬሚካል ሕፃናትን መግደሉ ከውጭ የሚገባ መድኃኒትን በቤተ ሙከራ የመፈተሽ አቅም ከእጥበት መሣሪያው ባልተናነሰ ሕይወት አድን መሆኑን ያስገነዝባል።