ሕግ የማያዘው ኢንዛይም

የአሜሪካ ኮንግረስ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ከአገዳ፣ ከገለባና ከእንጨት የሚሠራ ነዳጅ በ2022 በዓመት 16 ቢሊዮን ጋሎን እንዲደርስ አዘዘ። ዓመቱ ደርሶ አለፈ። የተገኘው ከታዘዘው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የእሱም አብዛኛው ኢታኖል ሳይሆን ከቆሻሻ መጣያ የወጣ ባዮጋዝ ነበር።

በአገዳ፣ በገለባና በእንጨት ውስጥ ያለው ሴሉሎስ በቀላሉ አይፈርስም። ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች በብዛት የሚገኙት ትሪኮደርማ ሪሴይ ከተባለ ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካን ጦር የጥጥ ድንኳን ሲበላ የተያዘ ነው፤ ያኔ ጦሩ የሚፈልገው እሱን የሚያጠፋለት ሰው ነበር! ኢንዛይሙ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደህና ይሠራል። ከ60 ሲያልፍ ግን እንደተቀቀለ እንቁላል ቅርጹን ያጣል፣ ሥራውም ያከትማል። ፋብሪካው በበኩሉ ሙቀት ይወዳል፦ ሥራውን ያፋጥንለታል፣ ድፍድፉን ያቀጥንለታል፣ ስኳሩን የሚሻሙትን ባክቴሪያዎች ይገድልለታል።

በ2018 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት የአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ አርኖልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር የተለያዩ ሻጋታዎችን ኢንዛይም ቆራርጠው በመገጣጠም ሙቀት የሚችሉ አዳዲስ ዓይነቶችን አወጡ። ምስጢሩን ሲፈትሹም አንዲት ሲስቲን የተባለች አሚኖ አሲድ በሴሪን መተካቷ ብቻ የኢንዛይሙን ጽናት በእጅጉ እንደሚጨምር በ2009 አሳወቁ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ምክር ቤት ቀን ቆርጦ ሊያስመጣው አይችልም።

ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራሱ ኢንዛይም አምራች ሆኖ ሳለ፣ በአይዋ ክፍለ ግዛት ከበቆሎ አገዳ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን ኢታኖል እንዲያመርት በ2015 የከፈተው ፋብሪካ በ2017 ተዘጋ። ቨርቢዮ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ገዝቶ የበቆሎ አገዳውን ወደ ባዮጋዝ አዞረው። ጥፋቱን ሁሉ በኢንዛይም ላይ አላላክክም፤ ከማሳ ከአገዳው ጋር ተጠርጎ የሚመጣው አፈርና ጠጠርም የዘርፉን ማሽኖች ፈትኗል። ያም ሆኖ ከግዙፍ ፋብሪካው በፊት ገንዘቡ ላብራቶሪ ቢገባ ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

የኛው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። የሚሠራበት ሞላሰስ ከመነሻው ስኳር ያለበት ስለሆነ እርሾ ይበቃዋል። ኢንዛይም የሚፈልገው ተጨምቆ የሚቀረው አገዳ ነው፤ እሱ ደግሞ እየነደደ ለስኳር ፋብሪካዎች እንፋሎትና መብራት ይሰጣል። ሙቀት የሚችል ርካሽ ኢንዛይም እስኪገኝ ድረስ እዚያው ቢነድ አይከፋኝም።