መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ተንበርከኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥ ቮልስ ወይም ላዳ ማየት ብርቅ አይደለም። ክረምቱ ዝናባማ ቢሆንም አስፋልቱ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ስለዚህ አሮጌ መኪና ስንገዛ ሞተሩን አስነስተን ድምፁን እናዳምጣለን፣ ቀለሙን እናያለን። ይህ ልማድ ግን ዋይትሆርን ላይ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ካልጋሪ በበረዶው ወራት መንገዷ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ብረትን ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ቶሎ ያዝጋል። ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በረዶውን ሲያቀልጠው፣ ያ ውሃ የመኪናውን ሆድ ዕቃ ያጥበዋል። የከተማችን አየር ደረቅ በመሆኑ ከኦንታሪዮ እንሻላለን፤ ከዚያ የመጣ መኪና ግን እጥፍ ጥርጣሬ ይገባዋል።

ስቱኮና አዲስ ቀለም የዛገ በር ይሸፍናሉ። የዛገ ሻንሲ ወይም የፍሬን ቧንቧ ግን አያድኑም። ከትምህርት ክፍያ የተረፈችውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍሳችንንም የምናስይዘው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ተንበርክካችሁ፣ በስልካችሁ መብራት ከሥር እዩ። ከተቻለ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒክ ያንሳውና ይየው። ከገዛችሁ በኋላም በረዶው ጋብ ባለ ቁጥር ሥሩን አሳጥቡ። ሞቃት ጋራዥ ያድነዋል ብላችሁም አትዘናጉ፤ በጨው የተለወሰው በረዶ እዚያ ሲቀልጥ ዝገቱ ይፈጥናል። ጉልበታችሁ ቢቆሽሽ ይታጠባል፤ የተበላ ሻንሲ ግን አይመለስም።