ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን ዛሬ መዶሻና ወናፍ ያወጡትን አንድ ስም ላነሣ እወዳለሁ። ስሙ ስሚዝ ነው። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ከቤተ ሰብ ስሞች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በ2010 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በዚህ ስም የሚጠሩት ከ2 ሚሊዮን 4 መቶ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ትርጓሜውስ ምንድን ነው? ቀጥቃጭ ማለት ነው። ያው በአገራችን ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ የሚታማው ሰው ማለት ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ኅሊናዬ ነው። እንግሊዝኛ በማስተምርበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ስለ ሚስተር ስሚዝ የሚናገር ምንባብ ደረሰን። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ስሚዝ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ቀጥቃጭ ማለት ነው» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ከሳቁም ጋር ዓይን ሁሉ በመጨረሻው ወንበር ወደ ተቀመጠው ልጅ ዞረ። አባቱ ማረሻ የሚሠራ ሰው ነበር። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ ምንባቡን ቀጠልሁ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ተወ። እንግዲህ ያን ቀን ልናገር ሲገባኝ ያልተናገርሁትን ነው አሁን በጡረታዬ የምጽፈው።

በጥንት ዘመን እንግሊዞችም እንደ እኛ የቤተ ሰብ ስም አልነበራቸውም። ነገር ግን በአንድ መንደር ጆን የሚባሉ ሲበዙ፣ አንዱ የወንዝ ማዶው ጆን፣ አንዱ የዊልያም ልጅ ጆን፣ አንዱም ቀጥቃጩ ጆን ይባል ጀመር። ኖርማኖች አገሩን ከያዙበት ከ1066 በኋላ ባሉት በሦስት መቶ ዓመታት ያህል ውስጥ፣ ይህ ቅጥያ ቀስ በቀስ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ስም ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው ቤከር፣ ባለ ወፍጮው ሚለር፣ ልብስ ሰፊው ቴይለር፣ ሸማኔው ዌቨር ተባለ። ከሁሉ ግን የቀጥቃጩ ስም በዛ።

ስለ ምን በዛ? ቀጥቃጮች ከገበሬዎች በልጠው ነውን? አይደለም። ሁሉ በሚያርስበት መንደር «ገበሬው ጆን» ቢሉ የትኛው እንደ ሆነ አይለይም። ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ያለ እርሱ ማረሻ የለም፣ ማጭድ የለም፣ ምሳር የለም፣ የፈረስ ጫማ የለም። ስሙ የበዛው እንግዲህ ሰውዬው በየስፍራው ስለሚያስፈልግ ነው።

ይህም የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ጀርመን ሽሚት፣ ፈረንሳይ ሌፌቭር፣ ሀንጋሪ ኮቫች፣ ሩስያ ኩዝኔትሶቭ፣ ዐረብ ሐዳድ ይላል፤ ሁሉም ብረት ሠሪ ነው። ጎረምሳው ሁሉ የሚመኘው የፌራሪ መኪናም በጣልያን ቋንቋ ከዚሁ ሥራ የመጣ ስም ነው። ያን መኪና የሚመኝ ሰው «የቀጥቃጩን ልጅ አግባ» ቢሉት ግን ፊቱን ያጠቁራል!

እንግሊዞች በዚህ ነገር ንጹሓን ናቸው አልልም። በስሙ አፍረው ፊደሉን እየለወጡ ስማይዝ የተባሉ አሉ። ሂዩ ስሚዝሰን፣ ማለትም «የቀጥቃጭ ልጅ»፣ በሚስቱ በኩል የኖርዘምበርላንድን ማዕረግ ባገኘ ጊዜ በ1750 ስሙን ትቶ ፐርሲ ተባለ፤ ኋላም መስፍን ሆነ። ይኸው መስፍን ከጋብቻ ውጭ የወለደው ጄምስ ግን እናቱ ከሞተች በኋላ አባቱ የጣለውን ስም አንሥቶ ጄምስ ስሚዝሰን ተባለ። በ1829 ሲሞት የተወው ገንዘብ ዕውቀት እንዲስፋፋበት ለአሜሪካ ደረሰ፤ በ1846ም በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን የተባለው ታላቅ ተቋም ተመሠረተበት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለት ይህ አይደለምን?

ሌሎችንም ተመልከት። በ1815 የእንግሊዝን ምድር የድንጋይ ንብርብር በካርታ ያወጣው ዊልያም ስሚዝ፣ በስም ብቻ ሳይሆን በእውነት የመንደር ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ጆርጅ ስሚዝ የገንዘብ ኖት ማተሚያ የሚቀርጽ ሠራተኛ ሳለ፣ በምሳ ሰዓቱ ወደ ብሪትሽ ሙዚየም እየሄደ የአሦርን ጽሕፈት ተማረ፤ በ1872ም በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈውን የጥፋት ውኃ ታሪክ አንብቦ ዓለምን አስደነቀ። ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ወርቁን አጥልቆ ስለ ጥቁር ሕዝብ መብት ጡጫውን ወደ ላይ ያነሣው ቶሚ ስሚዝ ይባላል። በ1965 የነጮች አገዛዝ እንዳይነካ ሲል ሮዴዥያን በገዛ ሥልጣኑ ነጻ ናት ያለው ኢያን ስሚዝም ያንኑ ስም ተሸክሞ ነበር። ስም ሰውን አያጸድቅም፤ አይኰንንምም።

«የዛሬው ስሚዝ መዶሻ ጨብጦ አያውቅም፤ ስሙ ባዶ ድምፅ ነው» የሚል ይኖራል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እነርሱ ሥራውን በስማቸው ጽፈው፣ በየመዝገቡ አስፍረው፣ ሲያበቁ ረሱት። እኛ ግን የትም አልጻፍነውም፤ ስማችን የአባታችን ስም ነው እንጂ የሥራችን አይደለም፤ ሆኖም አንዱንም አልረሳነው! ልጅቱ ልትዳር ስትል «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎ ሰባት ትውልድ ይቈጠራል፤ ከሰባቱ በአንዱ ወናፍ የነፋ ከተገኘ ድግሱ ይፈርሳል።

በጎንደር አውራጃ ብረት ከሚቀጠቅጡትና ሸክላ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ርስት ተከለከሉ፤ በእጃቸው ሥራ ቢኖሩ ደግሞ ቡዳ ተባሉ። ገበሬው በእነርሱ ማረሻ አርሶ፣ በእነርሱ ማጭድ አጭዶ፣ በእነርሱ ድስት ቀቅሎ ከበላ በኋላ ዓይናቸውን ፈራ። ዐፄ ቴዎድሮስም መድፍ በፈለጉ ጊዜ በጋፋት ለሥራው መሪ ያደረጉት ለወንጌል የመጡትን የውጭ አገር ባለ እጆች ነበር፤ በ1868 ወደ መቅደላ የተጐተተው ሴባስቶፖል የእነርሱ ሥራ ነው። ለፈረንጁ ቀጥቃጭ ሽልማት፣ ለአገሩ ቀጥቃጭ ስድብ! ዐፄ ምኒልክ ይህን ነውር አይተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም በየጓዳው አለ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደምናነበው፣ ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን ሲያዳክሙ በምድሩ ብረት ሠሪ እንዳይገኝ አደረጉ፤ ሰውም ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር። እኛን ግን ጠላት አልከለከለንም፤ በገዛ ምላሳችን ነው ብረት ሠሪያችንን ያሳፈርነውና ልጁን ከትምህርት ቤት ያባረርነው። ምስማር ሳይቀር ከባሕር ማዶ ስንገዛ ስለ ኋላቀርነታችን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

ስለዚህ አንተ መምህር የሆንህ ወንድሜ፣ በክፍልህ እንዲህ ያለ ሳቅ የተነሣ እንደ ሆነ እንደ እኔ ዝም አትበል። መጽሐፉን ዝጋና የስሚዝን ታሪክ ንገራቸው። አንቺም ልጅሽን የምትድሪ እናት፣ የሙሽራውን ጠባይና ትጋት ጠይቂ እንጂ አያቱ ምን እንደ ቀጠቀጠ አትጠይቂ። ያ ተማሪዬ ዛሬ በሕይወት ካለ የልጆች አባት ሆኖአል። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢደርስ፣ በዚያን ቀን በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ማፈር የሚገባኝ እኔ መምህሩ እንደ ነበርሁ ይወቅልኝ፤ ይቅርታም ያድርግልኝ።